የሸራውን ጠርዝ የምታየው ሴት

እኔ ፎቅ ላይ ነው የምሠራው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ እቀርጻለሁ። እሷ ምድር ቤት፣ ልክ ከእግሬ ሥር፣ የሥዕል ፍሬም ትሠራለች። የእሷ የመጋዝ ብናኝ በደረጃው ወደ እኔ ይወጣል፣ የእኔ ሞተር ጩኸት በወለሉ ወደ እሷ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት አሥራ ስድስት ዓመት ተነታርከናል። ስለዚህ ስለ እሷ የማወራው ወዳጇ ሆኜ አይደለም። ያየሁትን ስላየሁ ነው።

ሰፈሩ ጉጠት ይላታል። አሮጌ ሸራ ከእንጨቱ ስታላቅቅ ሸራውን የያዘውን የስቴፕለር ሽቦ አንድ በአንድ በጉጠት ትነቅላለች፤ ሰውንም የምትይዘው እንደዚያው ነው፣ ከያዘች አትለቅም። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏ ልጃቸው ገና በእግሯ ሳትሄድ ጥሏት ጠፋ፣ እሷም አልፈለገችውም። ሰላምታ ላይ ቆጣቢ ናት። ደንበኛ ገብቶ ደህና ዋልሽ ሲላት «የት አለ?» ትላለች፣ ሥዕሉን ማለቷ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። መሐል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ ሥዕል ሲመጣ በፊቱ ትደፋዋለች። ሌላው ሰው ሥዕልን ፊት ለፊት ያያል፤ እሷ መጀመሪያ የምታየው ጀርባውን ነው፣ ቀጥላ ሸራው በእንጨቱ ላይ የሚታጠፍበትን ጠርዝ። ሰው ፊቱን ያሳምራል እንጂ ጠርዙን ማሳመር ትዝ አይለውም ትል ነበር።

ልጇ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሥራ እንዲበዛላት ብላ እናቷን ስልኳ ላይ አንድ የሥዕል ገዢና ሻጭ ግሩፕ ውስጥ ያስገባቻት እሷ ናት። ስምንት ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ነበር። ሠዓሊው ሥራውን ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ገዢው ይጠይቃል፣ ዋጋ ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ሥዕሉ በጥቅልል ወይም ከነእንጨቱ ይላካል። ጉጠት ለስድስት ወር ያህል አንድ ቃል ሳትጽፍ ዝም ብላ አየች። እንዲህ ዝም ስትል ነው መፍራት ያለብን፤ እኛ ግን አላወቅንም።

መጀመሪያ የጻፈችው አንድ ወጣት ሠዓሊ ግሩፑ ላይ ያለቀሰ ዕለት ነው። ሥዕሉን ለአንዲት ሴት ሸጦ ይልክላታል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ተቀዶ ደረሰኝ ብላ የተቀደደ ሸራ ፎቶ ትልክለታለች። ደንግጦ ገንዘቧን መለሰላት። ሥዕሉ ግን እዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ አይዞህ ሲለው ጉጠት ፎቶውን አስፍታ አየችው። በተቀደደው ሸራ ላይ ሽቦዎቹ ተጠጋግተው፣ ሰያፍ ሆነው፣ በእንጨቱ ጎን በኩል ተመትተዋል። ልጁ ከመላኩ በፊት ጀርባውን አንስቶት እንደሆነ ጠየቀችው። አንስቶት ነበር። የእሱ ሽቦዎች የተመቱት ከኋላ ነው፣ አራርቆ። የተቀደደው ሸራ የእሱ አልነበረም።

ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጥፋ ይህ የደረሰው ሌላ ሰው አለ ወይ አለች። እስከ እኩለ ቀን ሁለት ሠዓሊዎች እኛም ደርሶናል አሉ። ከዚያ በትልቁ «ተጠንቀቁ» ብላ የሴትዮዋን መጠሪያና ስልክ ጻፈች፣ ከሥሩም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ «ይህች ሴት አንድ የተቀደደ ሸራ አላት፤ በእሱ ሦስት ሥዕል በልታለች።»

ከዚያ በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። በደል የደረሰበት ሁሉ ወደ እሷ ይጽፍ ጀመር። ቀብድ ተቀብሎ ድምፁን ያጠፋ ሠዓሊ፣ ግድግዳ የሚያክል ሥዕል አሳይቶ መዳፍ የሚያክል የላከ ሻጭ፣ የእናቱን መልክ አሥሎ ሲያበቃ «አትመስልም» እያለ ዋጋ የሚያስቀንስ ገዢ፣ ሁሉም በየተራ «ተጠንቀቁ» ከሚለው ቃል ሥር ገቡ። ማስረጃ ሳታይ አልጻፈችም፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካላነበበች፣ ዕቃውንም ከፊትና ከኋላ ካላየች አትነካውም። የተከሳሹን ቃል ግን ጠይቃ አታውቅም። ሌባ ምን ሊል ነው ትላለች።

ደስ ይላትም ነበር። ልጇ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ እናቷ ስልኩ ላይ አቀርቅራ ፈገግ ስትል አገኘቻትና፣ እማዬ፣ ሰው ሲዋረድ እንዲህ የሚያስቅሽ ለምንድን ነው አለቻት። እኔ የዋለውን ብናኝ ከደረጃው ላይ እየጠረግሁ ሰማሁ። ጉጠት ፈገግታውን አጥፍታ ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ ደፋችው።

ግሩፑ ውስጥ አንድ የተከበረ ሰው አለ። ፕሮፌሰር ይሉታል፣ የትም እንዳስተማረ ግን የሚያውቅ የለም። ጠዋት ጠዋት «የተከበራችሁ የጥበብ ወዳጆች» ብሎ ስለ ብርሃንና ጥላ ትምህርት ይጽፋል፤ በበዓል ቀን ለሁሉም መልካም ምኞት ይልካል፤ የታመመ ካለ ይጠይቃል። የዘይት ቀለም ሥዕል ይሸጣል፣ ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ ነው ያለኝ እያለ። የግሩፑ አድሚን የእሱን ማስታወቂያ ከሁሉ በላይ ይሰቅልለታል፤ በነጻ እንዳልሆነ ሁላችንም እንገምታለን።

አንድ ጠዋት ስለ ብናኙ ልጣላት ወርጄ ሳለ አንዲት ጡረተኛ ነርስ የካርቶን ጥቅልል በብብቷ ይዛ ገባች። ቀጥ ያለች፣ ጫማዋ የተወለወለ፣ ሰው ዝቅ አድርጋ የምታይ ሴት ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ነጭ ግድግዳ ሳይ ኖሬ አሁን ለራሴ አንድ የሚያምር ነገር ገዛሁ አለች። ከፕሮፌሰሩ ነው የገዛችው። ጭጋግ ውስጥ የቆሙ ሦስት ጀልባዎች ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም አማሩኝ።

ጉጠት ሥዕሉን ብርድ ልብሱ ላይ ደፋችው። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከመሳቢያዋ አጉሊ መነጽር አወጣችና ለረጅም ጊዜ አየች፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። «አንተ ጥቃቅን ነገር ማየት ልማድህ ነው፤ እየው እስቲ።»

አየሁ። ከፊት ለፊት የብሩሽ ግርፋት የሚመስለው ነገር ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው በሰልፍ የቆመ ነጥብ ብቻ ነው፤ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ።

«ሲስተር፣ ይህ በእጅ የተሣለ አይደለም» አለች ጉጠት። «በማሽን የታተመ ነው። እጅዎን ሲያሳልፉበት ቀለም እንዲመስልዎት ላዩን ግልጽ ሙጫ በብሩሽ ቀብቶበታል።»

ነርሷ ፊቷ ጠቆረ። «ፍሬም ሥሪልኝ አልኩሽ እንጂ ፍርድ ስጪኝ አላልኩሽም።»

«አልሠራም አላልኩም። ሳያውቁት ግን አልሠራልዎትም።»

«የሰው ስም እያጠፋሽ እንደምትኖሪ አውቃለሁ። እኔም ግሩፑ ውስጥ ነኝ፤ ያንቺን ክፋት በየቀኑ ነው የማነበው።» ሥዕሉን ጠቀለለችና እኔን በክንዷ ገፍታኝ ወጣች። የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ እኔም ወደ ላይ ወጣሁ።

ጉጠት በዚያው ዕለት ለፕሮፌሰሩ በግል ጻፈችለት። የተከሳሽን ቃል ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መልሱ ማር ነበር። እህቴ፣ እርስዎ እንጨት ያውቃሉ፣ ቀለሙን ለእኛ ይተዉልን፣ ሥራ ይባረክ ይላል። እሷም እንግዲያው ሲሥሉ የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ ይላኩልኝ አለችው። በማግሥቱ «እርስዎ» ቀረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሱቅሽ የት እንዳለ አውቃለሁ። እንጨት ነው የሞላው። ክብሪት ደግሞ ርካሽ ነው።»

ይህንን መልእክት ሳይቀር ስክሪንሾት አድርጋ «ተጠንቀቁ» ብላ ለጠፈችው።

የሚያመሰግኗት መስሏት ነበር። ግሩፑ በአንድ ጊዜ ዞረባት። ቅናት ነው አሉ። ያልተማረች አናጢ አሉ። መልእክቱን ራሷ ፈጥራው ነው አሉ። ከዚያ በፊት ያዋረደቻቸው ሁሉ፣ የተቀደደው ሸራ ባለቤት ሴትዮ ሳትቀር፣ ሌላ ስም እያወጡ መጥተው ድንጋይ አቀበሉ። እሷ የረዳችው ወጣት ሠዓሊ እንኳ ፕሮፌሰሩ መምህሬ ነው ብሎ ጻፈ። ወደ ማታ ላይ አድሚኑ ጽሑፏን አጥፍቶ ከግሩፑ አስወጣት፤ የቤታችንን ሰላም ስለነሳች ነው አለ። በማግሥቱ «ተጠንቀቁ» የሚል አዲስ ማስታወቂያ ከላይ ተሰቀለ። ፎቶው የእሷ ሱቅ ነው።

በዚያ ሳምንት ሦስት ደንበኞች ያላለቀ ሥራቸውን ወስደው ሄዱ። ከሱቁ በላይ ያለው ሰሌዳዋም አንድ ጠዋት ጥቁር ቀለም ተደፍቶበት ተገኘ። መሰላል አቁማ በቀለም ማሟሟያ ጠራረገችው፣ መንገደኛው ሁሉ እያያት። እርዳታ ትፈልጊ እንደሆነ ብዬ ወረድኩ፤ ፖሊስ ዘንድ እንሂድም አልኳት። ወደ እኔ ሳትዞር «ቀለሙ ርካሽ ነው፤ በአንድ እጅ ይለቃል» አለችኝ።

ልጇ ሱቅ የመጣችው ሰሌዳው በተበላሸ በሦስተኛው ቀን ነው። ስለ እናቷ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስባ አንድ በአንድ ታነብላት ጀመር፤ መልስ እንጽፋለን ብላ። እኔም በር ላይ ቆሜያለሁ። የደንበኛን ሥዕል በቅጂ ቀይራለች፦ ውሸት። መስታወት ሰብራ ሌላ ሰው ላይ አላካለች፦ ውሸት። ዘጠኝ ክስ ተነበበ፣ ለዘጠኙም ውሸት አለች፣ ሥራዋን እንኳ ሳታቆም። ከዚያ ልጇ ይህንን አነበበች፦ «ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሥዕል ሰጥቻት ነበር። ከላይ በኩል ሁለት ጣት ያህል ቆርጣ የመለሰችልኝ ይመስለኛል። ወፎቹ የሉም።» ከሥሩ አንድ ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ስሙን ሳይደብቅ ጽፏል።

መጋዙ ቆመ።

«ይሄስ?» አለች ልጇ።

ጉጠት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እሱ እውነት ነው» አለች።

ፍሬሙን ስትቆርጥ ተሳስታ አሳጥራው ነበር። ያ ዓይነት እንጨት አልቋል፣ ሰውየው ደግሞ በማግሥቱ ሊወስድ ነው። ሌላ ፍሬም በመሥራት ፈንታ ሸራውን ቆረጠችው። ቀያሹ መጥቶ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየና፣ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል አላት። እሷም ፍሬም ሲገባ እንደዚያ ይመስላል አለችው። አመናት፤ አመስግኗት ሄደ።

ልጇ ስልኩን አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ግን እንዲህ ተናዳ አይቻት አላውቅም። «ለሰው የጻፍሽውን ለራስሽም ጻፊ። ካልሆነ እኔን ከዚህ ነገር አውጪኝ» አለቻት። ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ ዋሉ።

በሦስተኛው ቀን ጉጠት ጻፈች፤ ከግሩፑ ስለተባረረች የተለጠፈው በልጇ ስልክ ነው። «ተጠንቀቁ። ፍሬም ሠሪ ናት። የደንበኛዋን ሥዕል ሁለት ጣት ቆርጣለች፣ ሲጠይቃትም ዋሽታዋለች። ሌላው የተባለባት ሁሉ ሐሰት ነው፣ ይህ ግን እውነት ነው። የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ።»

ጠላቶቿ ሰርግ ሆነላቸው። ፕሮፌሰሩ ረጅም የይቅርታ ጽሑፍ ጻፈ፤ የተከበራችሁ፣ ሰው ይሳሳታልና እህታችንን እንማራት የሚል። ጉጠት ያንን ስታነብ ጥርሷን ስታፋጭ ሰማኋት፤ በዚህ አያያዟ ሥራ ሊመጣልኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቀያሹ ቤት ብቻዋን ልትሄድ ነበር፤ ልጇ እኔን ከኋላዋ ላከችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። በሩን ከፈተ፣ ማን እንደሆነች አወቀ፣ ግቢ ግን አላላትም። ከትከሻው በላይ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ይታያል፤ የሜዳ ሥዕል ነው፣ ሰማዩ የተጨፈለቀ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች።

«ወፎቹን አመጣሻቸው?»

ቁራጩ ያኔውኑ ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ተጥሏል።

«ሥዕሉን ላንቺ ሳልሰጥሽ የሞተችው ሚስቴ ናት የሣለቻቸው» አለ። «ሥዕሉን ስትጨርሰው ሰማዩ ባዶ ሆነ ብዬ ተከራከርኳት፤ ለእኔ ብላ ነው የጨመረቻቸው። እኔ ግን እውነት ከሌሉ ምናልባት አልሣለቻቸውም ይሆናል እያልኩ፣ በራሴ ጭንቅላት ላይ ስጠራጠር አሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩ።»

ጉጠት አዲስ ፍሬም፣ የፈለገውን ሥራ ሁሉ፣ ዕድሜ ልኳን በነጻ እንደምትሠራለት ነገረችው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ስለ ራስሽ የጻፍሽውን አይቻለሁ፣ እኔ የጻፍኩትን ግን አላጠፋውም አላት። «አያጥፉት» አለች። በሩን ዘጋው። ደረጃውን ስንወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመች፤ ደክሟት መስሎኝ ነበር። እያለቀሰች ኖሮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ጠበቅኋት።

ነርሷ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው፤ ጥቅልሉን እንደያዘች። «አምኜሽ አይደለም የመጣሁት» አለች ገና ከበሩ። «ሲሥል የሚያሳይ ቪዲዮ ላክልኝ ብለው ብሎክ አደረገኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሐኪም እንኳ ዘግቶብኝ አያውቅም።»

ጉጠት ሥዕሉን ዘረጋችው። ጠርዙ ላይ ሙጫው ስላልደረሰ ቀለሙ እርጥበት አይችልም፤ የደረቀ የዘይት ቀለም ግን በውኃ አይለቅም፤ ይህን ነገረቻትና ጥጥና ውኃ አቀረበች። ልትነካው ስትል ነርሷ እጇን ያዘቻት። አንቺን ማንም አያምንሽም፣ እኔ አደርገዋለሁ አለች። ጉጠት ቀላች፣ ግን እውነት ስለሆነ ቦታ ለቀቀችላት። ልጇ ስልኳን ይዛ ቀረጸች።

በቪዲዮው ላይ የሚታዩት የነርሷ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። ድምፅዋ መርፌ ልትወጋ ለተዘጋጀች ሴት የሚስማማ ነው። «የማደርገውን እዩ። ይህ ጥጥ ነው። ይህ ውኃ ነው። ሌላ ምንም የለም።» ጠርዙን አንድ ጊዜ ጠረገችው። ጥጡ ሰማያዊ ሆነ። ወደ ስልኩ አስጠግታ አሳየችና፣ ከፕሮፌሰሩ የገዛችሁ ቤታችሁ ሞክሩት አለች። ከዚያ ሥዕሉን የገዛችበትን ቀን ተናግራ ጨረሰች።

አድሚኑ ሊያጠፋው ሲሞክር ቪዲዮው ከእጁ ወጥቶ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰው ጥጥ ለጠፈ፦ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ የሣር ቀለም። ፕሮፌሰሩ ስለ ጥላ አንድ ትምህርት ጨምሮ ጻፈና በማግሥቱ ከነፎቶው ጠፋ። ገንዘብ የመለሰለት ሰው አልሰማሁም። አድሚኑ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ከላይ የነበረውን ማስታወቂያ አንስቶ የፍሬም ማስታወቂያ ሰቀለ፣ ለዚያውም የሌላ ሠሪ።

ለጉጠትም ጭብጨባ አልመጣላትም። አንዳንዱ ሥዕሉን ሊያስመረምር ይመጣል፣ ታትሟል ስትለው ይሰድባታል። አንድ ሰውዬ ሳላውቅ ደስ ብሎኝ እኖር ነበር ብሎ በሩን በእርግጫ መትቶ ሄደ። ከወራት በኋላም በሌላ ግሩፕ፣ በሌላ ስም፣ ስለ ብርሃንና ጥላ የሚያስተምር ሰው ብቅ አለ። ነርሷ ናት ያወቀችው፤ «የተከበራችሁ» አጻጻፉን ገና ስታየው።

አሁን ሁለቱ ሴቶች አብረው ነው የሚሠሩት። ነርሷ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፣ ወንበር ስባ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ከየግሩፑ የሚላከውን አቤቱታ ታነባለች። ይዋደዳሉ ማለት ግን አይደለም። ጉጠት የነርሷን ኩራት አትወድላትም፤ ነርሷ ደግሞ ሱቁ ቆሻሻ ነው ትላለች፣ በዚህስ እኔም እስማማለሁ። ነርሷ ጀልባዎቹን በርካሽ እንጨት ፍሬም አሠርታ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰቅላቸዋለች፣ ሰማያዊውን ጥጥ ከሥራቸው በምስማር መትታ። «ተጠንቀቁ» ብለው በሚይዙት የስም ዝርዝር ላይ የጉጠት የራሷ ስም አለ፤ ነርሷ ይነሳ ስትል ጉጠት እምቢ አለች።

ከሁሉ የሚያጣላቸው የቀን ነገር ነው። ነርሷ የተከሰሰ ሰው ስሙ ከመለጠፉ በፊት ሦስት ቀን መልስ ይጠበቅለት የሚል ሕግ አውጥታለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጩኸታቸው ወለሉን አልፎ መጣብኝ፤ ለአንድ ደንበኛ መንጋጋ እየለካሁ ነበር። አንዲት ሠዓሊ ከአራት ሰው ቀብድ ወስዳ ዝም ብላለች።

«በሦስት ቀን ስንቱን ልትበላ?» ትላለች ጉጠት።

«ታማ እንደሆነስ? ሞታ እንደሆነስ?»

«የሞተች ሴት ትናንት ፕሮፋይል ፎቶዋን አትቀይርም።»

«ሦስት ቀን ነው ያልኩሽ፤ ሦስት ቀን።»

ከዚያ መጋዙ ተነሳ፣ ብናኙም ወደ እኔ መውጣት ጀመረ። ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው። ሴትዮዋ እስካሁን አልመለሰችም፤ ስሟም እስካሁን አልተለጠፈም።